ስለ ሙሴ ዣክ ታቲና ስለ መስተዋቱ ከተማ

የቤተ ሰብ አባት ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋራ ተቀምጦ የሚያየውን ሲኒማ ሲመርጥ፥ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ነውር የለበትምን? ያስቃልን?» ብሎ ነው። በመሰናከል፥ በመጋጨትና በመውደቅ የሚያስቀው የጨዋታ ዓይነት ለዚህ ይስማማል፤ ቋንቋውን የማያውቀው ሕፃንም ሽማግሌም ይስቅበታልና። ከዚህ ወገን ከሆኑት ፊልሞች መካከል ግን እንደ ፈረንሳዩ «ፕሌይታይም» ያለ እንግዳ ነገር ብዙ አይገኝም። ትርጓሜው «የጨዋታ ጊዜ» ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የፊልሙ ደራሲ ሙሴ ዣክ ታቲ በ1907 ተወለዱ። አያታቸው በፓሪስ በሩሲያ ኤምባሲ ያገለገሉ የጦር መኰንን ነበሩ፤ አባታቸው ደግሞ በሥዕል ክፈፍ ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፥ ሙሴ ታቲም በወጣትነታቸው ይህንኑ ሙያ ተማሩ። ነገር ግን ልባቸው የሰውን አረማመድና አኳኋን እየመሰሉ ወደ ማሳየት አዘነበለ። ኋላም ቁመቱ የረዘመ፥ ሱሪው ያጠረ፥ ፒፓው ከአፉ የማይለይ ሙሴ ዩሎ የሚባል ሰው ፈጥረው ራሳቸው ተጫወቱት። «አጎቴ» የተባለውም ፊልማቸው በ1959 በአሜሪካ የኦስካርን ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ ክብር በኋላ ሌላው ቢሆን የታወቀውን ደግሞ ይበላበት ነበር። ሙሴ ታቲ ግን በፓሪስ ዳርቻ አንድ ከተማ አሠሩ። መንገዱ፥ የብረቱና የመስተዋቱ ፎቅ ሁሉ ለዚህ ፊልም ብቻ የቆመ ነበር፤ ሰዎችም «ታቲቪል»፥ የታቲ ከተማ፥ አሉት። በሩቅ ቆመው ከሚታዩት ሰዎች አንዳንዶቹ ሰዎች አይደሉም፤ በሰው ቁመት ልክ የተቈረጡ ፎቶግራፎች ናቸው።

በፊልሙ ውስጥ ሙሴ ዩሎ አንድ ሹም ለማነጋገር ይመጣል፤ በኛ አገር ደጅ መጥናት የምንለው ነው። እጅግ ከረዘመው መተላለፊያ ጫፍ የጫማ ድምፅ ቀ፥ ቀ፥ ሲል ተሰምቶ ዩሎ ይነሣል፤ ሽማግሌው በረኛ ግን ሰውዬው ገና ሩቅ ነውና ተቀመጥ ብሎ በእጁ ያመለክተዋል። ድምፁ ቀርቧል፥ ሰውዬው አልቀረበም። በጽሕፈት ቤት ያረጀ ሰው ይህን አይቶ ሳይስቅ ቢቀር እደነቃለሁ፤ የሚስቀውም በባለ ጉዳዩ ይሁን በራሱ እንጃ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የምግብ ቤቱ ነገር ነው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ቤቱ ለእንግዶች ይከፈታል። የወንበሮቹ መደገፊያ በዘውድ ቅርጽ የተሠራ በመሆኑ፥ የተቀመጠው ሁሉ ጀርባው ላይ ዘውድ ታትሞበት ይነሣል። ዩሎም የመግቢያውን የመስተዋት በር ተጋጭቶ ይሰብረዋል። በረኛው ምን ያድርግ? የነሐሱን እጀታ ብቻ ይዞ፥ በሩ እንዳለ አስመስሎ፥ ለሚገቡትና ለሚወጡት በአየር ላይ ይከፍታል፥ ይዘጋል። ጌቶችና እመቤቶችም በሌለው በር እያለፉ ጉርሻውን ይሰጡታል።

ይህን የመሰለ ፊልም በታኅሣሥ 1967 ወጥቶ ሕዝቡ ቀዘቀዘበት። ሰው ወዳጁን ዩሎን ለማየት ቢመጣ፥ ዩሎ ከብዙ ሕዝብ መካከል አንዱ ብቻ ሁኖ ተገኘ፤ ሰፊው መጋረጃ በሰው ተሞልቶ፥ በዚህ ሳቁ ብሎ የሚያመለክት የለም። ሙሴ ታቲ ለብድሩ ራሳቸው ዋስ ስለ ነበሩ ዕዳው በላያቸው ወደቀ። እናታቸው ከሞቱ ጥቂት ቆይቶ የቤተ ሰቡን ቤት ሸጡ፤ በ1974ም ማኅበራቸው ፈርሶ የፊልሞቻቸው መብት በሐራጅ ተሸጠ፤ ዋጋውም ከ120,000 ፍራንክ ጥቂት የበለጠ ነበር። ለወጣት ሲኒማ ሠሪዎች መማሪያ ይሁን ብለው የለመኑለትም ከተማ ፈረሰ።

እኔ በበኩሌ፥ የልጆቹን ጣራ ለጨዋታ የሚያስይዝ አባት ዘመዶቹ ሊመክሩት ይገባል ባይ ነኝ። ሆኖም አንባቢ ሆይ፥ ያ የሌለው በር በዓይኔ እየመጣ ፍርዴን ያለዝበዋል።

የቀዘቀዘውም ፊልም አልሞተም። ጥቂት ወዳጆች ደጋግመው ያዩት ጀመር፤ ባዩትም ቍጥር ባለፈው ያመለጣቸውን አዲስ ሳቅ በአንዱ ማዕዘን ያገኛሉ፤ አንዱ ያየውን ሌላው አላየውምና ከሲኒማው ወጥተው ይከራከራሉ። ፍቅሩም እየሰፋ ሄዶ፥ በ2022 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ተቺዎችን ሰብስቦ ባስመረጠ ጊዜ፥ ከዓለም ፊልሞች ሁሉ 23ኛ ሁኖ ተቈጠረ።

ሙሴ ታቲ ግን ይህን ሳያዩ በ1982 ዐረፉ። የአባቷን ሥራ የሰበሰበችው ልጃቸው ሶፊ ታቲሼፍ ናት። ሙያዋ ፊልም መቍረጥና መቀጠል ነበር። አባቷ በቀለም ቀርጸውት በጊዜው በቀለም ሊታይ ያልቻለውን የ1949ን ፊልም «የበዓል ቀን»ን በ1995 በቀለሙ አወጣችው። በ2001 ደግሞ ከሁለት ሰዎች ጋራ የአባቷን ፊልሞች የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋመች፤ በዚያው ዓመት ሞተች። የታደሰው «ፕሌይታይም» በካን ከተማ በትልቁ መጋረጃ ላይ የታየው በ2002 ነው።