ከጀሪካኑ በፊት

በጂንካ የገበያ ቀን ከአሪ ቀበሌዎች እንጨትና እህል ተሸክመው የሚመጡ እናቶችን ያየ ሰው «ለእነዚህ ደግሞ ምን ስፖርት ያስፈልጋቸዋል?» ቢል አይፈረድበትም። ስህተቱ ግን እዚህ ላይ ነው። የዳሌ ወለል ጡንቻ ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት እንደ ጠፍር አልጋ ተወጥሮ ፊኛን፣ ማህፀንንና የአንጀትን ጫፍ ከሥር ይሸከማል። ሸክም እግርን ያጠነክር ይሆናል፤ ጠፍሩን ግን ቁልቁል ይጫነዋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ውሃ ይይዛል። ከመሬት በሚነሣበት ቅጽበት የሆድ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ በወሊድ የላላው ጡንቻ ቀድሞ ካልተኮማተረም ሽንት ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ለአሪም ሆነ ለደቡብ ኦሞ ሴት ከሁሉ የሚጠቅማት ልማድ፣ ጀሪካኑን ከማንሣቷም ሆነ ከማሳሏ በፊት ጡንቻውን መሳብ ነው።

አሳሳቡ ጋዝ እንዳያመልጥ እንደመያዝ ነው፤ ወደ ውስጥና ወደ ላይ። ቂጥን መጨበጥ፣ ሆድን መግፋት ወይም ትንፋሽን ማፈን ሌላ ነገር ነው። ቢያንስ ስምንት ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር፣ ለሦስት ወር። ብዙዎች የሚዘሉት ግን መልቀቁን ነው፤ ሳይላላ የሚጨበጥ ጡንቻ ይደክማል፣ ያማል። «ሽንትሽን እያቋረጥሽ ተለማመጂ» ብለው የሚያሰናብቱ ባለሙያዎች ደግሞ ቢታረሙ ይሻላል፤ ይህ ጡንቻውን ለመለየት አንዴ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ልማድ ሲሆን ፊኛ በደንብ እንዳይራገፍ ሊያደርግ ይችላል።

«ወልዳ ሽንት የማያመልጣት ማን አለች?» የሚለው ክርክርም አይጸናም። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል ልምምዱን እ.ኤ.አ. በ1948 ካስተዋወቀ ወዲህ ብዙ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን የሕክምና ጥናቶች ግምገማ 31 ጥናቶችን መርምሮ፣ በሳል ወይም በሸክም ጊዜ ሽንት ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል ከሠሩት 56 በመቶ፣ ካልሠሩት 6 በመቶ ብቻ መዳናቸውን እንደተናገሩ አሳይቷል። «ባለሙያው የት አለ?» ለሚለው፣ ልምምዱ መሣሪያ አይፈልግም፤ የምትፈልገው አዋላጅ በአሪኛ ወይም በሐመርኛ አስረድታ፣ በትክክል መኮማተሩን በጣቷ ማረጋገጥ የምትችል ናት። አንድ ነገር ግን ልምምድ አይደፍነውም፦ ፊስቱላ። ከአስጨናቂ ምጥ በኋላ ቀን ከሌት ሽንት የሚንጠባጠብበት፣ በቀዶ ሕክምና የሚዘጋ ቀዳዳ ነው። ለደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የሐምሊን የፊስቱላ ማዕከል ያለው ይርጋለም ነው፤ ሕክምናውም በነፃ ነው።