ሳይቃጠል በቅጠል፡ ዕድሜን የሚያረዝሙ ቀላል ልማዶች

«ምንም አይሰማኝም፤ ታዲያ ለምን እመረመራለሁ?» ይህ አባባል በብዙ ቤት ይሰማል። አባት፣ እናት፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ራሱን ጤነኛ አድርጎ እየቆጠረ ለዓመታት ይቆያል። አንድ ቀን ግን በድንገት ይወድቃል። ሕክምና ተቋም ሲደርስ የደም ግፊቱ እጅግ ከፍ ማለቱና አንጎሉ መጎዳቱ ይነገራል። ቤተሰቡም «ትናንት ደህና ነበር እኮ!» ይላል። በሽታው ግን ትናንትም ነበረ፤ ድምፅ ስላልነበረው ማንም አላወቀውም።

የደም ግፊት ማለት ደም በደም ሥሮች ውስጥ ሲዘዋወር በግድግዳቸው ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው። በተለያዩ ቀናት ሲለካ ላይኛው ቁጥር 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ የደም ግፊት ይባላል። ጫናው ለዓመታት ሲቀጥል የደም ሥሮችን ያደነድናል፤ ልብን ያደክማል፤ ኩላሊትን፣ ዓይንንና አንጎልን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው በዓለም ከአንድ ቢሊዮን በላይ አዋቂዎች ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ሲሆን፣ ግማሽ የሚጠጉት ችግሩ እንዳለባቸው አያውቁም።

ደስ የሚለው፣ ይህን ዝምተኛ በሽታ ለመከላከልም ሆነ ለመቆጣጠር የሚረዱት አብዛኞቹ ነገሮች በየቤታችን ያሉ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ልማዶች መሆናቸው ነው።

የቤትዎ ጨው ስንት ቀን ይቆያል?

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ መጠን ነው። በእኛ ማዕድ ጨው የሚገባው በወጡ ላይ ብቻ አይደለም። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ይጨመርባቸዋል፤ ወጡ ሲሠራ ሌላ ጨው ይደገማል። ሚጥሚጣው፣ ዳቦው፣ ከሱቅ የሚገዛው የሾርባ ማጣፈጫና የታሸገው ምግብም የየራሳቸው ጨው አላቸው።

መጠኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ኪሎ ጨው ገዝተው ሲከፍቱ ቀኑን በማሸጊያው ላይ ይጻፉ። አምስት አዋቂዎች ባሉበት ቤት እያንዳንዱ ሰው በቀን 5 ግራም ቢመገብ አንድ ኪሎው 40 ቀን ይቆያል። ከዚያ ቀድሞ ካለቀ ቤተሰቡ ከሚመከረው በላይ ጨው እየተመገበ ሊሆን ይችላል። ከቤት ውጭ የሚበላው ሲታከልበት ደግሞ መጠኑ ይጨምራል።

መፍትሔው በአንድ ቀን አልጫ ማድረግ አይደለም። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው መቀነስ ወይም ጨርሶ መተው፣ ወጥ ከበሰለ በኋላ ቀምሶ ጥቂት ብቻ መጨመር፣ የጨው ዕቃን ከማዕድ ማንሳት ይቻላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ሎሚ የጨውን ቦታ ይሸፍናሉ። ምላስም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲሱን ጣዕም ይለምዳል። መቀነስ ያለበት ግን መጠኑ ነው፤ እንቅርትን ለመከላከል የሚረዳው አዮዲን ያለበት ጨው መቀየር የለበትም።

እግርን ማሠራት

እ.ኤ.አ. በ1953 ብሪታኒያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን ያጠኑበትን ውጤት ይፋ አደረጉ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚያሽከረክሩት ሾፌሮች ይልቅ፣ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሱን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚያዙት ባነሰ ሁኔታ ነበር። ጥናቱ እንቅስቃሴ ለልብ ጤና ያለውን ጥቅም ካመላከቱ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመከራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ነው። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ፍጥነቱ ትክክል ነው። ለዚህ ስፖርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ከሊፍት ይልቅ ደረጃን መጠቀም፣ በምሳ ሰዓት አሥር ደቂቃ መንሸራሸር ሲደማመሩ ይበቃሉ። ደረት ላይ ሕመም ወይም ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር የሚሰማው ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ማዕድ፣ እንቅልፍና ሱስ

ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በገበያችን የሚገኙ፣ ለልብ የሚስማሙ ምግቦች ናቸው። በአንጻሩ ቅቤና የሚረጋ ዘይት ሲበዛ ይጎዳል። በጾም ወራት አትክልት አዘውትሮ መመገብ መልካም ነው፤ ፍስክ ሲገባ በአንድ ቀን ከልክ በላይ ሥጋ፣ ቅባትና መጠጥ ማብዛት ግን የሚመከር አይደለም።

አዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ሲጋራ የደም ሥርን ይጎዳል፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ እንቅልፍም ይነሳል። አልኮል መጠጥም በበዛ ቁጥር ግፊትን ይጨምራል።

መለካት፣ መድኃኒትንም አለማቋረጥ

የደም ግፊት መኖሩ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። ልኬቱ በጤና ጣቢያ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፤ ሲጋራ አያጭሱ። ለአምስት ደቂቃ ያህል አርፈው ይቀመጡ፤ ክንድዎ ከልብዎ ትይዩ ይሁን። ነፍሰ ጡር እናቶች ደግሞ በእያንዳንዱ ክትትል መለካት አለባቸው።

መድኃኒት የታዘዘለት ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ ማቋረጥ አይገባውም። ግፊቱ የወረደው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው። ለጎረቤት የታዘዘውን መዋስም አደገኛ ነው።

ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ወይም አንደበት በድንገት ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። «ምች ነው»፣ «መጋኛ መታው» እያሉ ሕመምተኛውን በቤት ማቆየት አንጎሉን ያሳጣዋል፤ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። እርስዎስ የደም ግፊትዎን ለመጨረሻ ጊዜ የተለኩት መቼ ነበር? ካላስታወሱ በዚህ ሳምንት ወደሚቀርብዎ ጤና ጣቢያ ጎራ ይበሉ፤ ሲሄዱም «ምንም አይሰማኝም» የሚለውን የቤተሰብዎን አባል ይዘው ይሂዱ። ደጁ ሩቅ ካልሆነ ደግሞ በእግርዎ ይሁን።

መልካም ጤንነት!