የሕክምና ተመራማሪን ጽሑፎች ተጽዕኖና የጋራ ሥራ ስለ መለካት

አንድ የሕክምና ተመራማሪ የደከመበትን ውጤት በመጽሔት ካወጣ በኋላ ጽሑፉ ምን ያህል እንደጠቀመ ለማወቅ የሚሹ ወገኖች አያሌ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው የማዕርግ ዕድገት ለመስጠት፣ የፕላን ባለሙያው በጀት ለመደልደል፣ መምህሩም ለተማሪዎቹ የሚታመን ጽሑፍ ለመምረጥ ይኸው ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ቀላሉ መልስ ጽሑፎቹን መቁጠር ነው። ይሁን እንጂ አሥር ጽሑፍ ያወጣ ሰው ሁለት ካወጣው አምስት እጥፍ ጠቅሟል ሊባል አይችልም፤ የፈተና ወረቀት ገጽ ቆጥሮ ማርክ እንደመስጠት ይሆናልና።

ከዚህ የተሻለውን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያቀረቡት አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ናቸው። ሐሳቡን ያገኙት የአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች አንድ ፍርድ በኋለኞቹ ጉዳዮች የት የት እንደተጠቀሰ ከሚከታተሉበት መዝገብ ነበር። በ1960ዎቹ በፊላዴልፊያ ያቋቋሙት ተቋም የሳይንስ ጽሑፎችን በዚሁ ዘዴ እየመዘገበ ማሳተም ጀመረ። የመዝገቡ የመጀመሪያ ዓላማ አንባቢ ከአንድ ጽሑፍ ተነሥቶ ተከታዮቹን እንዲያገኝ መርዳት እንጂ ሰውን ከሰው ማበላለጥ አልነበረም። ይህ ዘወትር ሊታወስ ይገባል።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረቡት የኤች መለኪያ ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የአንድ ተመራማሪ ስድስት ጽሑፎች 25፣ 12፣ 7፣ 5፣ 3 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል እንበል። አራቱ ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ አራት ጊዜ ስለተጠቀሱ መለኪያው 4 ይሆናል፤ አምስተኛው ሦስት ጊዜ ብቻ በመጠቀሱ ወደ 5 ሊያደርሰው አይችልም። እንግዲህ የመጀመሪያው ጽሑፍ 25 ጊዜ መጠቀሱ ቀርቶ 2,000 ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ መለኪያው ያው 4 ነው። ስለዚህም በአንድ ታላቅ ግኝት የታወቀ ሰው በዚህ ሚዛን ሊያንስ፣ በርካታ መካከለኛ ጽሑፎች ያወጣው ደግሞ ሊበልጥ ይችላል።

መጠቀስ ራሱም ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም። በ1998 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ ሲሆን፣ መጽሔቱ በ2010 ሰርዞታል። በሌላ በኩል በ1951 የፕሮቲንን መጠን መለኪያ ዘዴ የገለጸው የኦሊቨር ላውሪና የባልደረቦቻቸው ጽሑፍ በሳይንስ ታሪክ በብዛት ከተጠቀሱት ቀዳሚው ለመሆን የበቃው እጅግ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ስለተገለገሉበት ነው።

የጋራ ሥራን መለካት ከዚህ ይወሳሰባል። ጽሑፉን በጋራ የጻፉ ሁሉ እንደተገናኙ ከተቆጠረ፣ የሦስት ደራሲያን ጽሑፍ ሦስት ግንኙነቶችን፣ የአሥር ደራሲያን ጽሑፍ ግን አርባ አምስት ግንኙነቶችን ያስመዘግባል። ድርሻን ለማከፋፈል አንዱ ዘዴ ለእያንዳንዱ ደራሲ የእኩል ክፍልፋይ መስጠት ነው። ሌላው የስም ቅደም ተከተልን መመልከት ሲሆን፣ በሕክምና ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ስም ሥራውን በዋናነት የሠራው፣ የመጨረሻው ደግሞ የመራው ሰው ነው።

ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከሁሉ በፊት የሚነሣው ችግር ስም ነው። የውጭ መዝገቦች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው የራስን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥራሉ። በዚህም አበበ በቀለ፣ አስቴር በቀለና ዓለሙ በቀለ የተባሉ ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች በመዝገቡ አንድ «በቀለ ኤ.» ይሆናሉ። በተቃራኒው «ኃይሌ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ በ«አይ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ዋይ» ስለሚጻፍ አንዱ ሰው ለሁለት ይከፈላል። በ2012 ሥራ የጀመረውና ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ባለ 16 አኀዝ መለያ የሚሰጠው ኦርኪድ ችግሩን ቢያቃልልም የቀድሞዎቹን ጽሑፎች በራሱ አያርምም። ስለሆነም ገምጋሚው የጽሑፍ ዝርዝሩን ከተመራማሪው ጋር ሳያመሳክር ቁጥር ማውጣት አይገባውም።

ቁጥር የማይደርስበት ነገር ምን እንደሆነ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ በግልጽ ያሳያል። ዶክተር አክሊሉ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አስተዋሉ። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ተውሳክ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ስላለበት፣ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን መተላለፊያ ይቆርጣል። የመጀመሪያው አጭር ዘገባቸው በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት፣ ሰፊው ጥናት ደግሞ በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ወጣ። ታላላቅ የውጭ መጽሔቶችን ብቻ የሚመለከት ገምጋሚ ታሪኩን ከ1970 ይጀምርና የአምስት ዓመቱን ቀዳሚነት ይስተዋል።

በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ቀንድ አውጣ ገዳዩን ውሕድ ለይተው «ለማቶክሲን» አሉት። ከዚያ ወዲህ ውሕዱን የሚጠራ ሁሉ የአክሊሉን አባት ስም ይጠራል፤ የ1965ቱን ዘገባ ግን መጥቀስ ግዴታው አይደለም። ግኝት የጋራ ዕውቀት ሲሆን ባለቤቱ ከማስታወሻ ዝርዝር ይወጣል፤ ይህም ከታላላቆቹ ተጽዕኖዎች አንዱ ሆኖ ሳለ በቁጥር ሲታይ መቀነስ ይመስላል።

ዶክተር አክሊሉ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ነው። ዶክተር ለገሠ የተሻሉ የእንዶድ ዝርያዎችን የመረጡ የዕፅዋት ባለሙያ ናቸው። የሕክምና ጽሑፎችን ብቻ የሚያስስ መዝገብ የዚህን የጋራ ሥራ ግማሹን ሊያጣ ይችላል። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ የተካሄደው የመቆጣጠሪያ ሙከራም ውጤቱ የሚታየው በአካባቢው ነዋሪዎች ምርመራ እንጂ በጥቅስ ብዛት አይደለም። ስማቸው በየትኛውም የደራሲያን ዝርዝር የሌለው፣ እንዶዱን ወደ ወንዙ ያመጡት የአድዋ ሴቶች ደግሞ በማናቸውም መለኪያ አልተቆጠሩም።