ለሶዶ ጉሊትም ቦታ ይኑር

በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ሶዶ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕናና ከአርባ ምንጭ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ናት። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የአስተዳደር ማዕከሉ ሆናለች። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ደርሷታል።

ሰፊ የእግረኛ መንገድ ማን ይጠላል? ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚደርሱት ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ ነው። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ከኢማን መሆኑንም በመድረሳ ተምረናል። ታዲያ መጀመሪያ የራሳችንን እናንሳ፤ የሱቃችንን ሸቀጥ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ የምንዘረጋው እኛው ነንና!

ቅቤና ዳጣ ይዛ መንገድ ዳር የምትቀመጠውን እናት ግን እንቅፋት ብለን አንጥራት። የልጆቿ ጉርስ ከአላፊ አግዳሚው ነው። ከከተማው ዳርቻ ቦታ ቢሰጣት ደንበኛዋ አይከተላትም፤ ቅቤውን አሽትቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ የሚገዛት ከሥራ ሲመለስ በእግሩ የሚያልፈው ሰው ነው። እሷ ከሄደች የጎረቤቷ ባለሱቅ ገበያም ይቀዘቅዛል።

ለከተማው አስተዳደር የምንለው አንድ ነው፦ የመብራቱና የንጣፉ ንድፍ ሲወጣ፣ እዚያው መሀል ከተማ ጥላ፣ ውሃና መፀዳጃ ያለው የጉሊት ቦታ አብሮ ይውጣ። ቦታውም እሷ ከመነሳቷ በፊት ይዘጋጅ።