ተጨማሪ መረጃ፦ የጭቃ በሬ

ደባርቅና ዳባት አካባቢ ጎረቤት ዘንድ የሚውል ሕፃን መጫወቻው ከግቢ አይርቅም፤ በተለይ ክረምት ላይ ጭቃ ሞልቷል። ጭቃው ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ደቀቅ ያለ ጭድ ጨምረው ሲያሹት ግን ይይዛል። የ3 ዓመቱ ያድበለብለዋል፤ 5 የሞላው አራት እግር ያቆምለትና ሁለት የጭድ ቀንድ ይሰካለታል፤ በሬ ሆነ። ጥንድ ሲሞላ ቀንበር ያስፈልጋል፤ የክብሪት እንጨት ይበቃል (ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ ያውም በትልቅ ሰው እጅ)። እግሩ ቀጥኖ በሬው ቢወድቅ ግን ባናቃናለት ይሻላል፤ ልጁ ራሱ ወፈር አድርጎ ይሠራዋል።

ጭቃን እንዲህ መቅረጽ የአዋቂም ሙያ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች፤ ሴቶቹ ትንንሽ የሰውና የአንበሳ ምስሎች እየሠሩ ለጎብኚ ይሸጡ ነበር። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል።

ስፌት ሌላው የእጅ ሙያ ነው። ወስፌ ስለሚወጋ ለሕፃን አይሰጥም፤ አለላውን በየቀለሙ እየለየ ለሰፊዋ ማቀበል ግን ይችላል።