በሽምደዳ የማይታለፈው «አፕላይድ ሁለት»

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ከተመረቀ ብዙ ዓመት ቢሆነውም «አፕላይድ ሁለት» የሚለውን ስም በቀላሉ አይረሳም። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህ ሁለተኛው የካልኩለስ ኮርስ ጎበዝ የሚባለውን ተማሪ ሳይቀር የሚያንገዳግድ ነው። ጉዳዩ የአንድ ግሬድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚይዘው ክሬዲት ከፍተኛ በመሆኑ አጠቃላይ ነጥብን ወደ 2.00 ጠርዝ ይገፋል። «ኤፍ» ያገኘ ደግሞ ኮርሱ እንደገና እስኪሰጥ ይጠብቃል፤ ተከታዩ «አፕላይድ ሦስት»ም አብሮ ይዘገይበታል።

ቀደም ሲል ኮርሱ የሚሰጠው በአንደኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ነበር። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ግን በሁለተኛው ሴሚስተር የሚወሰደው «አፕላይድ አንድ» ሆኖ፣ «አፕላይድ ሁለት» ወደ ሁለተኛ ዓመት ተሸጋግሯል። ቦታው ቢቀየርም ችግሩ ያው ነው።

ለመሆኑ ምኑ ነው የሚከብደው? በ12ኛ ክፍልና በመጀመሪያው ኮርስ ዲሪቬቲቭ የሚሠራው በታወቁ ሕጎች ነው። ሕጉን የሸመደደ ተማሪ መልሱን ያገኛል። «አፕላይድ ሁለት» ግን ምርጫ ይጠይቃል።

ማለቂያ የሌለውን የ1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 ድምር እንመልከት። ተደማሪዎቹ እያነሱ ወደ ዜሮ ይጠጋሉ፤ ድምሩ ግን ወሰን የለውም። እርግጥ ነው፣ የሚያድገው በኤሊ ጉዞ ነው። 10ን ለማለፍ 12,367፣ 20ን ለማለፍ ደግሞ ከ272 ሚሊዮን በላይ ተደማሪዎች ያስፈልጋሉ። በአንጻሩ 1/2 + 1/4 + 1/8 እያለ የሚቀጥለው ድምር ከ1 አያልፍም። «ተደማሪው ዜሮ ከደረሰ ድምሩ ይወሰናል» ብሎ የሸመደደ ተማሪ እዚህ ላይ ይወድቃል። ድምሩ መወሰን አለመወሰኑን የሚለዩ በርካታ መፈተኛዎች አሉ፤ የትኛው እንደሚሠራ ግን ጥያቄው አይናገርም።

ሌላው ፈተና ድርብ ኢንቴግራል ነው። ለሐዋሳ ተማሪ ግን ምሳሌው ደጁ ላይ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ እስከ 22 ሜትር ገደማም ይደርሳል። የውኃውን መጠን ለማወቅ የሐይቁን ገጽ በትናንሽ ካሬዎች እንከፍላለን። የእያንዳንዱን ካሬ ስፋት ከሥሩ ባለው ጥልቀት አባዝተን እንደምራለን። ካሬዎቹ እያነሱ ሲሄዱ ድምሩ የሚጠጋው ቁጥር ድርብ ኢንቴግራል ይባላል። የሐይቁ አማካይ ጥልቀት 11 ሜትር ያህል ስለሆነ ውጤቱ ወደ አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በስሌቱ ሳይሆን ዳርቻውን በመወሰን ነው። ስለዚህ ከቀመሩ በፊት ሥዕሉ ይቅደም።

የመሠረት ጉዳይም አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ ላይ ያለ ክፍተት በዚህ ኮርስ አይደበቅም፤ መምህሩም ወደኋላ ተመልሶ ለማስተማር ጊዜ የለውም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትራይስማን የተባሉ የሒሳብ ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ አንስተው ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ጎበዝ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን ይወድቃሉ? ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ተማሪዎቹ ይለፉ ነበር፤ ግን ብቻቸውን። የተሻለ ውጤት የነበራቸው የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች በበኩላቸው ለየብቻ ከሠሩ በኋላ ተሰባስበው አንዱ የሌላውን ስህተት ያርም ነበር። ትራይስማን ከበድ ያሉ ጥያቄዎች በቡድን የሚሠሩበትን መርሐ ግብር ሲያዘጋጁ የጥቁር ተማሪዎቹ ውጤት በግልጽ ተሻሻለ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ገበሬያችን ደቦ ይለዋል። ነገር ግን አንዱ ሠርቶ አራቱ ወርክሺቱን የሚገለብጡበት ስብስብ ደቦ ሊባል አይችልም። በደቦ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ተማሪም አስቀድሞ ብቻውን ሞክሮ፣ «ይህን መንገድ ለምን መረጥህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ለጓደኞቹ ማስረዳት አለበት። ማስረዳት ያቃተው ከሚድ ፈተናው በፊት ድክመቱን ያውቃል፤ ለማረምም ጊዜ ይኖረዋል።