አብሮ ለመሥራት አብሮ መማር፦ የጤና ቡድንን የሚያሠለጥነው ሙያ

አንዲት እናት በጤና ጣቢያ በሰላም ብትገላገልም፣ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ሊፈሳት ይችላል። በዚያች ሰዓት የደሙን መብዛት ቀድማ የምታየው አዋላጇ ናት። የላቦራቶሪ ባለሙያው የደም ዓይነቷን ይለያል፤ የፋርማሲ ባለሙያው መድኃኒት ያቀርባል፤ የጤና መኮንኑ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባት ይወስናል፤ የአምቡላንስ ሹፌሩም ለጉዞ ይዘጋጃል። ሁሉም ሥራውን ቢያውቅ እንኳ፣ አንዱ ያየውን ለሌላው በጊዜው ካልነገረ የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

እነዚህ ባለሙያዎች አብሮ መሥራትን የት ይማራሉ? በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ በየትምህርት ክፍሉ ለብቻው ይማርና፣ ከሌላው ጋር በቅጡ የሚተዋወቀው ሥራ ከጀመረ በኋላ በታማሚው አልጋ አጠገብ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተዘረጋው የትምህርት ዘዴ በይነ ሙያ ትምህርት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ማዕቀፍ መሠረት፣ የሁለትና ከዚያ በላይ ሙያዎች ተማሪዎች አንዱ ስለ ሌላው፣ አንዱ ከሌላውና በጋራ ሲማሩ በይነ ሙያ ትምህርት አለ ማለት ነው። በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ አንድ መምህር ማዳመጥ ብቻ በቂ አይደለም። አርሶ አደር ወይፈኑን የሚገራው ልምድ ካለው በሬ ጋር ጠምዶ፣ በማሳው ላይ ነው፤ የጤና ቡድንም የሚገራው በሥራው ላይ ነው።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተከሠተው የወባ ወረርሽኝ የብዙ ሺህ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በጎንደር የተቋቋመው የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በጤና ጣቢያ አንድ ላይ እንዲሠሩ ያሠለጥን ጀመር። ኮሌጁ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በቡድን ሥልጠናው የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎች ወደ ወረዳ ወጥተው የነዋሪውን የጤና ችግር አብረው ያጠናሉ፤ የሚቀድመውን ይለያሉ፤ መፍትሔውንም አብረው ይሞክራሉ። በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በአስተማሪ ክትትል ሥር ሕሙማንን በጋራ የሚንከባከቡበት የማሠልጠኛ ክፍል ከፍቷል።

እንዲህ ያለውን ትምህርት ማዘጋጀትና መምራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አሠልጣኙ ከላይ እንደተገለጸው ዓይነት ድንገተኛ ሁኔታ ነድፎ ተማሪዎቹን በአሻንጉሊት አካል ላይ ያለማምዳል። ትእዛዝ የተቀበለ ሰው የሰማውን መልሶ እንዲናገር ያስተምራል፤ የመድኃኒት መጠን ስሕተት የሚታረመው በዚህ ነውና። ከልምምዱ በኋላ ቡድኑን ሰብስቦ ማን ምን እንዳየ፣ ማን ለምን ዝም እንዳለ ያወያያል።

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ዝምታ ነው። ጀማሪዋ ነርስ ስሕተት እያየች ሐኪሙን ላለመድፈር ዝም ልትል ትችላለች። በአገራችን ታላቅን ማክበር መልካም ባህል ቢሆንም፣ በሕክምና ሥፍራ ግን አክብሮት መናገርን መከልከል የለበትም። አሠልጣኙ ታናሹ በጨዋነት እንዲናገር፣ ታላቁም ሳይቆጣ እንዲሰማ ያለማምዳል። የየትምህርት ክፍሉ የጊዜ ሰሌዳ አለመገጣጠምና የአስተማሪ እጥረትም ሥራውን ያከብዱታል።

ወደ ሙያው የሚገባ ሰው አስቀድሞ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ ሆኖ በሥራ ላይ መቆየቱ ይጠቅመዋል። ቀጥሎ በጤና ሙያ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ መማር ይቻላል። የሚያስፈልገው ዋና ስጦታ ግን ማዳመጥና ከሙያው ውጭ ያለውን ባለሙያ ማክበር ነው።

ለነዋሪው የዚህ ሥልጠና ውጤት በቀላሉ ይታያል። ታማሚ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲላክ ምን እንደታመመና ምን መድኃኒት እንደተሰጠው ከእርሱ ቀድሞ ወይም ከእርሱ ጋር ከደረሰ፣ ተቀባዩ ሐኪም ከዜሮ አይጀምርም። ቤተሰብም የመላኪያ ወረቀቱን በጥንቃቄ ቢይዝና ያየውን የሕመም ምልክት ሳይደብቅ ቢናገር የቡድኑ አንድ አባል ይሆናል።